የሐሙሱ ፕላስተር

«ሐሙስ ዕለት የሻለቃን ፋሻ የቀየረው ማነው?»

ከእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት የመጣችው መርማሪ ይህን ስትጠይቅ፣ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን አጥብቃ ጨበጠች። መልሱን አታውቀውም። የምታውቀው ነገር ደግሞ ያስፈራታል።

ሻለቃ የዳቦ ጋጋሪው ውሻ ነው። የፈላ ዘይት ጀርባውን ልጦት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር የመጣው። የብር ማዕድን ባለበት መድኃኒት የተነከረው አዲሱ ፋሻ በየሦስት ቀኑ ሲቀየርለት ቁስሉ ጠራ፣ ጭራውንም መቁላት ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ግን በድኑ ተገኘ። ፋሻው ላይ በተለጠፈው ፕላስተር «ሐሙስ» ተብሎ ተጽፏል። ፋሻ ቀያሪዋ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ናት።

«በቆሸሸ እጇ ነክታው ነው» አለ ሐኪሙ።

«ሐሙስ ከሰዓት አልነበርኩም!» አለች ልጅቷ። «ዶክተር፣ አስፈቅጄዎት አይደል የወጣሁት? ‹እኔ እቀይረዋለሁ› አላሉኝም?»

«መቼ ነው ያልኩሽ?»

እናት መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ብትናገር ልጇ ሥራ ጥላ ወጣች ይባላል፤ ዝም ብትል ውሻ ገዳይ ትባላለች።

«ከእኔ ጋር ነበረች» አለች በመጨረሻ። «ማንበብ በምማርበት የጎልማሶች ክፍል ፊት ቆሜ ሳነብ ልታየኝ መጥታ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «የቀበሮ ምስክሯ ጭራዋ!»

መርማሪዋ አልሳቀችም። የፕላስተር ጥቅል አነሳችና ጋጋሪውን ጨምሮ ሁሉንም የሻለቃ በድን በተጋደመበት የብረት ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበች።

«አንድ አንድ ቁራጭ እጄ ላይ ለጥፉልኝ።»

ጋጋሪው ከገዛ ጣቱ ጋር አጣብቆት ተራገመ። ልጅቷ በመቀስ ቆርጣ ለጠፈች፤ ጫፉንም አጠፈችው።

«ለምን ታጥፊዋለሽ?»

«ሲነሳ ጸጉሩን እንዳይነጨው። በጫፉ ቀስ ብሎ ይላቀቃል።»

ሐኪሙ በጥርሱ በጥሶ ለጠፈና ፊቱን አዞረ።

«የሐሙሱን እዩት» አለች መርማሪዋ። «ጫፉ አልታጠፈም፤ ዳሩም በጥርስ የተበጠሰ ነው።» በወረንጦ ቀስ አድርጋ አነሳችው። ከሥሩ ሌላ ፕላስተር ብቅ አለ፤ የዚህ ጫፉ ታጥፏል። «እማማ፣ እስቲ ያንብቡልን።»

እናት ጎንበስ አለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች።

«ሰ… ኞ። ሰኞ ነው የሚለው!»

«ፋሻው ተፈትቶ ቢሆን የሰኞው ፕላስተር አብሮ በተጣለ ነበር። ማንም አልከፈተውም፤ ከላይ ቀኑ ብቻ ተለጠፈበት። ሦስት ቀን የሚቆየው ፋሻ መግል ጠጥቶ እስከ ቅዳሜ ተኛበት። መርዙ ደሙ ውስጥ ገባ።»

«ማደንዘዙ ብቻ ሰዓት ይፈጃል…» አለ ሐኪሙ፣ ድምፁ ወርዶ። «ወረፋው በዝቶብኝ… ዓርብ እቀይረዋለሁ ብዬ…»

«ዓርብም አለፈ» አለ ጋጋሪው።

በማግስቱ ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን ምስማሩ ላይ ትቶ ከክሊኒኩ ለቆ ሄደ። ልጅቷ በሥራዋ ላይ ቆየች፤ እናትም።