ጨፌው ላይ የቀሩት

«ቁራውንም ጨምረሽ ነው አሥራ አንድ ያልሽው?» አለች ሔራን፣ ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀች።

«ቁራውንም፣ ድንቢጧንም» አለች ዳርቱ፣ የሩቅ ማያውን መነጽር ከዓይኗ ሳታወርድ።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከአያት ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ ጨፌው ዳር ቆመዋል። በየዓመቱ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ የትምህርት ቤታቸው የተፈጥሮ ክበብ እዚህ መጥቶ የወፍ ዓይነት ይቆጥራል። ያስጀመሩት የባዮሎጂ መምህሩ ጋሽ አባይነህ ናቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት አርባ አንድ ዓይነት ተመዝግቧል። ዘንድሮ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከክበቡም የመጡት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የጨፌውን ግማሽ ደግሞ ገልባጭ መኪኖች በግንባታ አፈር ደፍነውታል።

«ስሚ» አለች ሔራን። «ሃያ አራት ብለን እንጻፍ። አምና ሃያ ስድስት ነበር፣ ትንሽ ቀነሰ ቢባል ማንም አይጠረጥርም። አሥራ አንድ ካልን ግን አለቀ። ወፍ የለበትም ብለው ጭራሽ ይደፍኑታል።»

አምና የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ «ሃያ ስድስት ዓይነት ወፍ አለ» ብላ የተናገረችው ዳርቱ ናት። አባቷ አቶ ከበበ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በልጅነታቸው ከብት ያጠጡበት ጨፌ ነው፤ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ላገኙት ሰው ሁሉ የልጃቸውን ንግግር ሲያወሩ ነበር።

«አምናም ሃያ ስድስት ብለን አፈር መድፋቱን መች ተዉ?» አለች።

ሔራን እንጨቱን ወረወረች። «አምናም ሃያ ስድስት አልነበረም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አሥራ ሰባት ነበር። አንቺ አሞሽ የቀረሽ ቀን፣ ዘጠኙን እኔ ነኝ ከድሮው መዝገብ የጨመርኩት።» ድምጿ አነሰ። «ሼም ይዞኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

የዳርቱ ጆሮ ጋለ። ያ ሁሉ ሰው፣ አባቷም ጭምር፣ አምነዋት ነበር። ልትቆጣ ፈለገች፤ ሔራን ግን ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

አንድ ገልባጭ መኪና እያጓራ መጣና ጭነቱን ዘረገፈ። ከሣሩ ውስጥ አንድ ሽመላ ተነስታ ወደ እንጦጦ በኩል በረረች። እስክትጠፋ በዓይናቸው ተከተሏት። ከአሥራ አንዱ ጋር ቀድማ ተቆጥራ ነበር።

ዳርቱ መዝገቡን አውጥታ የአምናውን ገጽ ገለጠች። ሃያ ስድስትን ሰረዘችና ከጎኑ አሥራ ሰባት ብላ ጻፈች።

«ጋሽ አባይነህ ሲያዩት ምን ይላሉ?» አለች ሔራን።

«እንጃ። ሰኞ ቤታቸው እወስድላቸዋለሁ። ለአባቴም እነግረዋለሁ።»

«ከዛ ጨፌው ይተርፋል?»

«አይተርፍም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

ዳርቱ የዘንድሮውን ገጽ ገለጠች። ሔራን ቦርሳዋን አንግታ ወደ ታክሲው መንገድ ወጣች።

ቆጠራው የሚያበቃው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዳርቱ ስልኳን አየች፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ይላል። የዘንድሮውን ቦታ ባዶ ተወችውና መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ መነጽሩን እንደገና አነሳች።