የሁለተኛው አልጋ መጠን

በጤና ጣቢያው የሁለተኛው አልጋ ሽማግሌ ረፋድ ላይ ሲሞቱ መርፌው ገና ከክንዳቸው አልወጣም ነበር። የገደላቸው መድኃኒት ታወቀ፤ ዐሥር እጥፍ ተሰጥቷቸዋል። የገደላቸው ሰው ግን ማን ነው? መንደሩ «እትዬ ለምን» የሚላት መርማሪ ስትደርስ ፖሊሱ ካቴና ይዞ ነርሷ ፊት ቆሟል።

«ለምን ሦስት መቶ ሚሊግራም ሰጠሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ኮምፒውተሩ ሦስት መቶ አለኛ። በዛብኝና ፋርማሲስቱን ጠየቅሁት። ‹ሰንጠረዡ አይሳሳትም፣ እህቴ› አለኝ።» ካቴናውን አየች። «እኔ ከታሰርሁ ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

«ሦስተኛው አልጋስ?»

«ለእሱ ዜሮ ነው የወጣለት። ምንም አልሰጠሁትም።»

መርማሪዋ ያን ዜሮ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ በሐሳቧ ስትነካካው ቆየች።

ፋርማሲስቱ መጠን የሚያሰላውን የኮምፒውተር ሰንጠረዥ የሠራው እሱ መሆኑን አልካደም። «እስከ ትናንት ልክ ነበር። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እኔ፣ ነርሷና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ብቻ ነን» አለ።

ኃላፊው ደግሞ ጣታቸውን ለመቀሰር አልዘገዩም። «ሽማግሌው ትናንት ‹ታመናጭቀኛለች› ብለው ከሰዋታል። ቂም ነዋ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ቂመኛ ለጎረቤቱ ዜሮ አይጽፍም» አለች። «አንደኛው አልጋ ልክ ነው፣ ሁለተኛው ዐሥር እጥፍ፣ ሦስተኛው ባዶ። ይሄ መንሸራተት ነው። ለኪሎ የሚሰጠው መጠን እዚህ ጎን አንድ ሕዋስ፣ አንዲት የሰንጠረዥ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ግማሽ። ከሥሩ የሌላ መድኃኒት መጠን፣ አምስት። ከዚያ ሥር ባዶ። ቀመሩ ክብደትን በላይኛው ሕዋስ ያባዛል። ወደ ታች ሲቀዳ ግን የሚያባዛበት ሕዋስም አብሮት አንድ አንድ ደረጃ ወረደ። የሽማግሌው ስልሳ ኪሎ በአምስት ተባዛ፤ የሦስተኛው በባዶ።»

«እኔ እንዳይወርድ ቸንክሬው ነበር'ኮ» አለ ፋርማሲስቱ። «ከሕዋሱ አድራሻ ፊደልና ቁጥር በፊት የዶላር ምልክት ከገባ ሕዋሱ ንቅንቅ አይልም።»

«ችንካሩን የነቀለው ማን ነው ታዲያ?»

ኃላፊው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። መድኃኒት ሰንጠረዥ ውስጥ ዶላር አይቶ ‹በውጭ ገንዘብ ነው እንዴ የምታክሙት?› ቢለኝስ ብዬ… ትናንት ማታ ከመጀመሪያው ረድፍ አጠፋሁትና ቀመሩን ወደ ታች ጎተትሁ። የመጀመሪያው ቁጥር አልተለወጠም። አጸዳሁት ብዬ ሄድሁ።»

ፖሊሱ ነርሷን ትቶ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ነጻ ነሽ» አለቻት መርማሪዋ።

ነርሷ ደስ አላላትም። «በዝቷል ብዬ ነበር'ኮ፣ እትዬ። ብዬ ነበር። ግን የወጋሁት እኔ ነኝ።»

ሦስተኛው አልጋ ያለው ጎልማሳ ከወዲያ ክፍል አቃሰተ። መድኃኒቱን ከጠዋት ጀምሮ አላገኘም። ነርሷ ወረቀት ስባ ክብደቱን ጻፈች፤ ሃምሳ ሁለት። በግማሽ አባዛችው፤ ሃያ ስድስት። ደግማ አባዛችው፣ ሠለሰችው። ከዚያ እርሳሱን ለመርማሪዋ ዘረጋች።

«እስኪ እርስዎም ያባዙልኝ» አለች።