የካላማዳሪው ትንፋሽ

ይህን ያየሁት በሕልሜ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ መካነ ሰላም፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ በዓመቱ።

የምትጠራጠሩ ተጠራጠሩ... እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

እህቴ ንግሥቴ በረሃቡ ጊዜ አቀስታ መንገድ ላይ ሞተች። የቀረቻትን እፍኝ ቆሎ ለልጇ እያጎረሰች ነበር አሉ። ልጅቱን፣ ሐረግን፣ እኔ ወሰድኳት።

ሐረግ አትናገርም። እህልም እምቢ አለች።

የሚያስበላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምጽዋ ሳስተምር ያሳደግኩት፣ በመስታወት ሣጥን ከነጨው ውሃው ያመጣሁት የባሕር ዓሣ። እሱ ሲበላ ትበላለች። እሱ ሲተው ትተዋለች።

ውሃው መሽተት ሲጀምር ፈራሁ። ዓሣው ከሞተ...

ማጣሪያ ሠራሁ። ቀርከሃ በስቼ ውሃው ውስጥ አቆምኩ። ከሥሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ይገባል። አየሩ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው እድፉን ተሸክሞ በቀርከሃው አናት ይወጣና ጣሳ ውስጥ ይፈስሳል። አየሩ የሚመጣው ከመኪና ጎማ ውስጥ ከወጣ ካላማዳሪ ነው። ጠዋት በብስክሌት መንፊያ እሞላዋለሁ፤ ቀስ እያለ ተንፍሶ ማታ ይሟሽሻል።

ውሃው ጠራ። ሐረግም ገንፎ መላስ ጀመረች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ካላማዳሪው ጠዋት ከተውኩት ይበልጥ ተነፍቷል።

የቤቱን ባለቤት እማማ አስቻለችን ጠየቅኳቸው።

«እርስዎ ሞሉት እንዴ?»

«እኔ? ያንን የአህያ ጨጓራ? ወላሂ አልነካሁትም።»

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳልሞላው ቀረሁ። መንፊያውን ይዤ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ተመለስኩ።

ዓሣው በጎኑ ተንሳፏል። ዓይኑ ነጥቷል።

እማማ አስቻለች ከበሩ ሆነው አንሾካሾኩ።

«ሸፍነው ልጄ... እንዳታየው።»

«አይታዋለች።»

ሐረግ የገንፎ ሳህኗን ታቅፋ ሣጥኑ ፊት ተቀምጣለች።

አረፋው ግን ይወጣል። ካላማዳሪው ዝቅ ይላል... ከፍ ይላል። ዝቅ... ከፍ።

ቱቦውን ከቀርከሃው ነቀልኩት። የሚወጣው አየር ይሞቃል። ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ብዪ...»

ድምፁን አውቀዋለሁ። አብሬው ነው ያደግኩት።

ዞርኩ። ሐረግ ዓሣውን አታይም። እኔንም አታይም። ቀና ብላ ባዶውን እያየች አፏን ከፈተች፣ ጉርሻ እንደሚቀበል ሰው።

ሁለቱም እጆቿ ሳህኑን እንደያዙ ናቸው። ገንፎው አልተነካም።

ጉንጯ ሞላ።

ማኘክ ጀመረች... በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቆሎ ሲቆረጠም ሰማሁ።