ሞርሞን ንፋስ መውጫ ቢመጣ

«ቆይ ግን፣ የማንን ሥጋ ነው የሚበሉት?» አለች ትዕግስት።

ሪሃና ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጓደኛዋን አየቻት። ሁለቱ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ተቀምጠው አሜሪካ ውስጥ ስለተነሱት ስለ ሞርሞኖች ያገኙትን ሁሉ ሲያነቡ ነው የዋሉት። ትዕግስት ልብ ውስጥ የገባው ግን ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። አይፈረድባትም። በንፋስ መውጫ ሰው ሲደግስ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል። እንግዳው በየማዕዱ ይቀመጣል፣ ከተበላ በኋላ ጨዋታው አንድ ላይ ነው። ሦስተኛ ማዕድ ግን ማንም አዘጋጅቶ አያውቅም።

«የት አባቴ አውቄ» አለች ሪሃና። «ቡና እንደማይጠጡ ግን አንብቤያለሁ።»

«ቡና የማይጠጣ ሰው!» አለች ትዕግስት፣ ክርክሩ እዚያው ላይ ያለቀ ይመስል።

ርዕሱ የመጣው ከደብረ ታቦር ነው። የዞኑን የተማሪዎች ክርክር የሚያዘጋጁት ሰዎች ባለፈው ዓመት «ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር» ብለው አከራክረው፣ ተማሪው ለድብድብ እጅጌውን ሲሰበስብ አይተዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ከሁሉም ሰፈር የራቀ ጥያቄ ፈለጉ፤ «ሞርሞኖች ክርስቲያን ሊባሉ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል አገኙ። ከጋይንት እስከ እስቴ፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ ሞርሞን በዓይኑ ያየ ሰው ስለሌለ ማንም አይቀየምም አሉ። ሰው ባላየው ነገር ይበልጥ እንደሚከራከር ረስተውታል።

በትምህርት ቤቱ የክርክር ክበብ ዕጣ ሲወጣ ለሪሃናና ለትዕግስት «ይገባል» የሚለው ደረሳቸው። «አይገባም» ብሎ የሚከራከረው ቻላቸው ነው። ቻላቸው ልጅነቱን በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ያሳለፈ፣ አሁንም በድቁና የሚያገለግል፣ ሲናገር አስተማሪዎች ሳይቀሩ ጸጥ የሚሉለት ልጅ ነው። ያሸነፈ በደብረ ታቦሩ ውድድር የትምህርት ቤቱ አንደኛ ተናጋሪ፣ የተሸነፈ ሁለተኛ ይሆናል። ሪሃና ባለፈው ዓመት ይህ ቦታ ለጥቂት አምልጧት አልቅሳበታለች። ዘንድሮ እንዲያመልጣት አልፈለገችም።

በማግስቱ ትዕግስት በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። እናቷ ነገሩን ሰምተው፣ ማተብሽን አስረሽ ለመናፍቅ ጥብቅና ልትቆሚ ነው ወይ ብለው ተቆጥተዋታል።

«ሪሁ፣ ልወጣ ነው። ሼም እንደሆነ አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

ሪሃና እሺ አለች። ትዕግስት እናቷን ፈርታ መውጣቷን ትረዳለች፤ ግን ብቻዋን ጥላት ሄዳለች፣ ይህም እውነት ነው። በዚያ ላይ ወሬው በአንድ ቀን ግቢውን አዳረሰው። እስላም ስለ ክርስቲያን ምን አገባት የሚል በዛ። አንዱ ቀልደኛ፣ ሳይጠሯት የሰው ሠርግ ላይ አጫፋሪ ብሎ ሳቀባት። ሪሃና አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ቃሉ አብሯት ገባ፣ ምክንያቱም ትንሽ ልክ መስሎ ታይቷታል።

አባቷ አቶ መሕቡብ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ያን ቀን ከወገዳ ገበያ ተመልሰው የመንገዱን አቧራ ከጫማቸው እያራገፉ ነበር። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ቁጭ አድርገው፣ በዚህ ከተማ ጥቂት ሆነው በሰላም የኖሩት ምላሳቸውን አውቀው ስለያዙ እንደሆነ ነገሯት። ዝም አይነቅዝም አሉ። እሷም ለውድድር እንጂ ለሃይማኖት እንዳልሆነ አስረዳች፤ ዕጣ ነው አለች።

«ይሁን። አንድ ልጠይቅሽ» አሉ አባቷ። «አንዱ ተነስቶ ‹ሙስሊም ነኝ፣ ግን ከነቢያችን በኋላ ሌላ ነቢይ መጥቶልኛል፣ ሌላ መጽሐፍም አለኝ› ቢልሽ፣ ሙስሊም ነህ ትይዋለሽ?»

ሪሃና ደብተሯን አውጥታ ጥያቄውን ጻፈችው።

«አልከለክልሽም» አሉ አቶ መሕቡብ። «ግን ለዚህ መልስ ሳታገኚ ሰው ፊት እንዳትቆሚ። ይጠይቁሻል።»

መልስ አላገኘችም። ስልኳን አገላበጠች፣ ቤተ መጻሕፍት ገባች፣ ታላቅ ወንድሟን ሲራጅን ጠየቀች፤ እሱም «አቦ ተይው በቃ» ከማለት ሌላ አልረዳትም። የክርክሩ ቀን ደረሰ። መውጣት ወይም መቅረት የእሷ ምርጫ ነበር። ባለፈው ዓመት ከአዳራሹ ስትወጣ የተሰማትን አስታወሰች፤ ተሸንፎ መውጣቱን ታውቀዋለች፣ ሳይሞክሩ መቅረቱ ግን ከዚያ እንደሚከፋ ጠረጠረች። ሂጃቧን አስተካክላ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያይ ሁሉ ነበር። ዳኞቹ ሦስት ሲሆኑ መሐል የተቀመጡት ከቤተ ልሔም የመጡት መሪጌታ ፈንታው ናቸው። የክበቡ ኃላፊ መምህር እሱባለው ለምኖ ነው ያመጣቸው፤ እሳቸው ካሉ ማንም ጠብ አያነሳም ብሎ። ከኋላ፣ ከገበያ ሰዎች መካከል፣ አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው መቀመጣቸውን ስታይ ሪሃና ይበልጥ ፈራች።

ቻላቸው ቀድሞ ተናገረ፤ ጥሩ ተናገረ። በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ሠለስቱ ምዕት፣ ክርስቲያን ምን እንደሚያምን እንደወሰኑ፣ ሞርሞኖች ግን ያንን ውሳኔ እንደማይቀበሉ፣ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስን በሐሳብ እንጂ በባሕርይ አንድ እንደማይሏቸው፣ በመጽሐፍ ላይም መጽሐፍ እንደጨመሩ አንድ በአንድ አስረዳ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚወደውን ነገር እንደሚያሳይ ሰው ነበር የሚናገረው።

«የእኛን ጥምቀት ጥምቀት አይሉትም» ሲል ጨረሰ። «ከእኛ አንድ ሰው ቢሄድላቸው እንደገና ያጠምቁታል። እነሱ እኛን ሳይቆጥሩ፣ እኛ በየትኛው ስም እንቁጠራቸው?»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ሪሃና እስኪያበቃ ጠብቃ ተነሳች። ሞርሞኖች ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ ነው፣ ሰውን ለማዳን ሞቶ ተነስቷል እንደሚሉ፣ በስሙ እንደሚጠመቁና እንደሚጸልዩ ተናገረች። አዳራሹ ቀዝቅዞ ሰማት። ያን ጊዜ የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«አንድ ሞርሞን ነገ ንፋስ መውጫ ይምጣ እንበል» አለች። «ከሚኒባስ ወርዶ፣ ባጃጅ ይዞ፣ እኛ ሰፈር ሠርግ ቤት ይድረስ። በየትኛው ማዕድ ታስቀምጡታላችሁ?»

ጉምጉምታ ተነሳ። ከኋላ፣ ከአባቷ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ፣ «ወደኛ እንዳትልኩት!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት አንድ ማተብ ያሰረ ልጅ ብድግ ብሎ፣ «ከኛ ጋር ይቀመጣል እንጂ የት ይሄዳል?» አለ። ብዙዎች «አዎ» አሉ። መሪጌታም ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«እኔ አልመለስኩትም፤ የመለሳችሁት እናንተ ናችሁ» አለች ሪሃና።

አሁን ጭብጨባው ለእሷ ሆነ። ቻላቸው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚወድቅ አልነበረም። ማዕድ ሌላ፣ ቁርባን ሌላ ነው አለ፤ ለእንግዳ እንጀራ ይቆረስለታል፣ ወደ ቁርባን ግን አይቀርብም። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ የጠየቃትም አባቷ የጠየቋትን ያንኑ ጥያቄ ነበር።

«ከነቢያችሁ በኋላ ሌላ ነቢይ አለኝ የሚልን ሰው ሙስሊም ትይዋለሽ?»

ሪሃና ወደ ኋላ አየች። አባቷ እጃቸውን ያያሉ። ይህ ርዕሳችን አይደለም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ደንቡ ይፈቅዳል። አዎ ማለትም ትችላለች፤ ለክርክሯ ይጠቅማታል። ግን ውሸት ነው። አባቷ ፊት፣ ይህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእምነቷ ላይ ውሸት ተናግራ የምታገኘውን ደብረ ታቦር አልፈለገችውም።

«አልለውም» አለች።

አዳራሹ «ውይ» አለ። ቻላቸው በቃኝ ብሎ ተቀመጠ። መምህር እሱባለው ግንባሩን ያዘ። ሪሃና ግን አልተቀመጠችም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለሳምንት የፈለገችው ነገር አብሮት ወጥቷል።

«እውነቱን ነው የነገርኩህ» አለች። «‹አይደለህም› የምለው ከቤቴ ውስጥ ሆኜ ነው። በሬን መጠበቅ አለብኝ። አንተም ከቤትህ ሆነህ በርህን ስትጠብቅ ይገባኛል፤ ጠብቅ። ርዕሱ ግን ቤተ ክርስቲያን ትቀበላቸው ወይ አይልም፤ ምን ይባሉ ነው የሚለው። ስም ለደጅ ሰውም ነው። ሰሞኑን እስላም ምን አገባት ስትሉ ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ፣ እኔ የደጅ ሰው ነኝ።»

ትንፋሽ ወሰደች።

«ከደጅ ሆኜ ሳይ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም፣ ሞርሞኑም ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ ነው ይላሉ። እኔ አልልም። በዚህ ጉዳይ ሞርሞኑ ከቻላቸው ጎን ነው የሚቆመው፣ ከኔ ጎን አይቆምም። ከመካከላችሁ ማን እንደተሳሳተ መመዘኛ የለኝም፤ እሱን እናንተው ተከራከሩበት። ስሙን ግን ከራሱ አፍ እወስዳለሁ። እኔ ‹አይደለህም› ያልኩትንም ሰው ቻላቸው መንገድ ላይ አግኝቶ ሙስሊም ብሎ ቢጠራው አልቀየመውም። እሱ የደጅ ሰው ነው።»

ተቀመጠች። ሪሃና ያበላሸሁ መሰለኝ ብላ ስታስብ አባቷ ከኋላ ብድግ አሉ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት አባቷ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያቸው፣ ብቻቸውን ቆመው አጨበጨቡ። ከዚያ ቀልደኛው ልጅ ተነሳ፣ ከዚያ ሁሉም። ሴቶቹ ልጆች እልልታውን አቀለጡት።

ዳኞቹ ጥቂት ተማክረው መሪጌታ ፈንታው ተነሱ። ስለ እምነቱ ከጠየቃችሁኝ ቻላቸው ካለው አንዲት ቃል አልቀንስም አሉ፤ ቻላቸውም አንገቱን ቀና አደረገ።

«እዚህ የጠራችሁኝ ግን ክርክር እንድዳኝ ነው» ሲሉ ቀጠሉ። «ጥያቄው የጎዳት መስሎ ሳለ አልሸሸችም፤ አልዋሸችም። ያሸነፈችው እሷ ናት።»

ትዕግስት ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሪሃና ቂሟን ለሌላ ቀን አሳድራ እሷም አቀፈቻት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አባቷ በር ላይ ሲያገኟት የገበያው ሰው ሁሉ ሰማሽ አሉና ቦርሳዋን ተቀበሏት።

ከሳምንት በኋላ የደብረ ታቦሩ ዕጣ መጣ። የእነሱ ትምህርት ቤት የደረሰው «አይገባም» የሚለው ነው። መምህር እሱባለው ሪሃናንና ሁለተኛ ተናጋሪ የሆነውን ቻላቸውን ጠርቶ፣ ነገሩ የቻላቸው እንደሆነ፣ ሪሃና አንደኛነቱን ብትለቅለት ማንም ተሸነፈች እንደማይላት፣ እንዲያውም እንደሚቀላት ነገራት። አስቢበት ብሏት ወጣ።

ቻላቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ልቀቂልኝም አላለም፤ አትልቀቂም አላለም። ሪሃና አሰበች። አዳራሹ ውስጥ «አልለውም» ያለችው ለማሸነፍ አልነበረም፤ እውነቷ ነው። ከዚያ ወዲህ የተናገረችው ሁሉ የደጅ ነበር። ቻላቸው ከቤቱ ሆኖ የሚያውቀውን ገና በደንብ አልሰማችውም።

«አንደኛ ተናጋሪ እኔ ነኝ» አለች። «ሠለስቱ ምዕት ምን እንዳሉና ለምን እንዳሉ አስተምረኝ። ለውድድር አይደለም፤ አንተ ለራስህ እንደምታውቀው አድርገህ።»

ቻላቸው ቀና ብሎ አያት።

«ረጅም ነው» አለ። «ጊዜ አለሽ?»

ሪሃና ቦርሳዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች።