ከመርፌ በፊት የሚታይ ኮከብ

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሰፈሩ ሲያልፍ ትንሽ ትልቁ «ፀሐይ መጣ!» ይለዋል። ቀልድ ነው፤ ግን ውሸት የለበትም። ከገዛ ጣሪያው ጀምሮ እስከ መንገድ ዳሩ ሱቅ ድረስ ያለውን ፓውዛ ሁሉ የሰቀለው እሱ ነው። «ሌባ ይፈራል፣ ሰፈር ይደምቃል» እያለ፣ ጎረቤትን በጎረቤት እያስቀና በር ሁሉ አዳረሰ። ብርሃኑ ከሩቅ እንዲታይለትም ፓውዛዎቹን ወደ ላይ አቀናቸው። ሲመሽ ሰማዩ ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል። ቀና ብሎ የሚያይ ግን አልነበረም፣ ከአባቱ በቀር።

አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የሳቸውን ቬሎ ለብሳ ነው የተዳረችው። የመጨረሻ ልጃቸው ልትዳር ስትል ግን «ከሱቅ ግዢ» አሏት።

«አባባ፣ ይቀልዳሉ?»

«የምን ቀልድ? መስፋት ትቻለሁ።»

የስፌት መኪናቸውንም ለቀድሞ ተማሪያቸው ሰጡ። ለምን ቢባሉ «በቃኝ» ብቻ አሉ። ልጅቷ የሱቅ ቬሎ ለብሳ፣ ትከሻው ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ተይዞላት ተዳረች። በማግስቱ ለወንድሟ፣ «ጋሼ፣ ለኔ ሲሆን ደከማቸው አይደል?» አለችው። እሱም «እርጅና ነው፤ ዝም ብለው ያኮርፋሉ» ብሎ አባቱን አማ።

አንድ ቀን ግን አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአልጋ እስከ በር በዳበሳ ሲሄዱ ደረሰባቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየለመድኩ ነዋ። መታወሬ ላይቀር!»

እየጎተተ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሟ መረመረቻቸውና፣ «ዓይንዎ ለዕድሜዎ ግሩም ነው» አለች።

«አትሸንግይኝ ልጄ። ትንሿ ኮከብ ከጠፋችኝ ቆየች።»

«የቷ ኮከብ?»

«ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው ያሳዩኝ። ከአንዲቱ ደማቅ ኮከብ ጥግ የምትለጠፍ ትንሽዬ አለች። ‹እሷን ያጣህ ዕለት የሰው ጨርቅ አታበላሽ፤ መርፌህን ስቀል› ብለውኛል። ለሳቸውም አስተማሪያቸው እንዲሁ ብለዋቸዋል።»

«ሌሎቹ ኮከቦችስ ይታዩዎታል?»

«የትኞቹ? አንድ በአንድ አለቁ እኮ።»

«ለኔም አልቀዋል አባቴ» አለች ሐኪሟ። «ዓይንዎ አይደለም፤ የመብራቱ ብዛት ነው።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ምንም ተናገረ።

«አባባ፣ መብራቱን አላስተዋሉም?»

«ምነው አላስተውል! ግን ሰማይ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? የሚያረጀው ሰው ነው ብዬ።» ትንሽ ሄዱና፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «እሰፋላት ነበር እኮ» አሉ።

ቢረግሙት በተሻለው።

የዚያኑ ዕለት የራሱን ፓውዛ አጠፋ። ሰማዩ አሁንም ያው ወተት ነው፤ የሌሎቹ እንደበራ ነዋ። በሰቀለበት በር ሁሉ ለመዞር ተነሳ፤ መጀመሪያ ባለሱቁን አገኘና የአባቱን ኮከብና የመብራቱን ነገር ነገረው።

«ፀሐይ! ብርሃኑን ያመጣኸው አንተ፣ ደግሞ ጨለማ ልታመጣብን?»

«ጨለማ አላልኩም። መብራት የሚያስፈልገው እግርህ የሚረግጥበት ነው። ሌባ በሰማይ አይመጣም! ወደ መሬት ላዙረውና ክዳን ልሥራለት።»

«ለአንድ ሽማግሌ ኮከብ ብለህ?»

«ስንት ልብስ ሰፊ ዓይኑን የለካባት ናት፤ እኔ ነኝ የቀማኋቸው። ያንተስ ልጅ ኮከብ አይታ ታውቃለች?»

ባለሱቁ ወደ ሰማዩ ቀና ብሎ አየ። መሰላሉን አቀበለው።

ከሁሉ የከበደው ለእህቱ መንገር ነበር። «አባባ ያልሰፉልሽ በኔ ነው» ብሎ ሁሉን ዘረዘረላት። አልጮኸችበትም። ነጠላዋን አንስታ፣ እሱን አልፋ፣ ያማቻቸውን አባቷን ይቅርታ ልትጠይቅ ወጣች። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

ፓውዛ ወደ መሬት ይዞራል፤ ያለፈ ሠርግ ግን አይመለስም። እኛም ማታ ማታ በየደጃችን የምናበራውን ቀና ብለን እንየው፤ የማንን ሰማይ እንደጋረድን አናውቅምና።