ከበሩ በፊት የሚመጣ ሙቀት

የብረቱ መቀርቀሪያ ተንቋቁቶ ሲከፈት የልጅቷ ጉንጮች ጋሉ፤ ክንዷን ውርር አደረጋት። ትከሻዋን ሰብስባ ብርዱን ጠበቀች። ብርድ ግን አልነበረም። የዓሣ ማከማቻው ማቀዝቀዣ ለጽዳት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበርና ከውስጥ የወጣው ለብ ያለ፣ እርጥብ ሲሚንቶ የሚሸት አየር ብቻ ነበር።

«ምነው ፊትሽ ቀላ? አመመሽ እንዴ?» አለች መወልወያ ይዛ የወጣችው አዲሷ ሠራተኛ።

ልጅቷ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አባቷ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልትረዳው ስትመጣ በሩ ፊት ያስቆማትና ሦስት ጊዜ በረጅሙ ያስተነፍሳት ነበር። «ቆይ፣ መጀመሪያ ምድጃሽ ይለኮስ» ይላት ነበር። ቀልድ ይመስላት ነበር። አባቷ በሞተ በሁለተኛው ወር የባዮሎጂ መምህሯ፣ አንጎል ብርድ የቀመሰበትን ቦታ እንደሚያስታውስና ገና ብርዱ ሳይነካው ሰውነትን ማሞቅ ሊጀምር እንደሚችል ሲያስረዱ ግን እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

ዛሬ የመጣችው የአባቷን የሥራ ካፖርት ልትወስድ ነው። እናቷ ሌላውን ልብሱን ሁሉ ለዘመድ ስታከፋፍል፣ እዚያ የቀረው ካፖርት የአንቺ ነው ብላታለች። ካፖርቱ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ክርኑ ላይ አባቷ ራሱ በሰማያዊ ክር የጣፈው፣ ጠማማ ስፌት አለ።

ሠራተኛዋ አውርዳ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ማቀዝቀዣው ነገ ጠዋት እንደሚበራ፣ ለራሷ የሚታደለው ካፖርት ግን «መንገድ ላይ ነው» እየተባለ ሳምንት እንዳለፈው ነገረቻት።

«እስኪመጣ እኔም ደርቄ ከዓሣው ጋር እሸጣለኋ!»

ሁለቱም ሳቁ። የልጅቷ ሳቅ ቶሎ ጠፋ፤ ሴትየዋ የለበሰችው ስስ ሹራብ ነበር።

ካፖርቱን አቅፋ እስከ መውጫው ሄደች። አፍንጫዋን ኮሌታው ውስጥ ቀበረች፤ ሳሙና፣ ዓሣ፣ አባቷ። ቤት ብትሰቅለው ይህ ሽታ ስንት ቀን ይቆያል? ጉንጯን ዳሰሰች፤ አሁንም ይሞቃል።

ተመለሰች።

«እጅጌው ይረዝምሻል» አለች፣ ካፖርቱን በሴትየዋ ትከሻ ላይ እያኖረች። «እጠፊው።»

ከዚያም በሩን ዘግታ፣ እጇን ይዛ ፊት ለፊቱ አቆመቻት።

«ነገ ከመክፈትሽ በፊት እዚህ ጋ ቁሚና ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሺ። በየቀኑ።»

«ለምን?»

ልጅቷ የአባቷን «ምድጃ» ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን በዚያው የመጀመሪያውን ትንፋሽ አብራት ሳበች።