የተርቧ ፊት

«አጥፊው አልኩሽ!» አለ ሽቦ። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች በተከመሩበት ጠባብ ቦታ ቆመዋል። «ያ ፎቶ ስልክሽ ላይ እያለ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ጥንዚዛ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ድንጋይ እየገለበጠች ሸረሪትና ጉንዳን ፎቶ ስታነሳ ያየ ሁሉ ጥንዚዛ ይላታል፤ እሷም ለምዳው «አቤት» ትላለች። ሽቦ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሽቦ ነው። እሱ ነፍሳት ፈልጎ ያገኛል፣ እሷ ፎቶ ታነሳለች፤ ከዚያ ተጨቃጭቀው ስሙን ይለያሉ።

ሰኞ ዕለት ከሕፃናቱ ክፍል ጣሪያ ሥር የተርብ ጎጆ አገኙ። ተርቦቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተለጥፈዋል። ጥንዚዛ ከደረጃው ላይ ሆና ስልኳን ደግናለች።

«ፊቷን ካላየሁ የትኛዋ ተርብ እንደሆነች መለየት አልችልም» አለች። የነፍሳት ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጀርባ ብቻ አይቶ ስም የሚሰጥ ይሳቅበታል። ሽቦ ረጅም እንጨት አምጥቶ ጎጆውን ነካ አደረገው። ተርቦቹ ዞሩ። እሷ አነሳች። ከዚያ እየሳቁ እግሬ አውጪኝ አሉ።

አንድ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ግን ከጎጆው በታች ነበር። አንገቱንና ከንፈሩን ነደፉት። ጉሮሮው አብጦ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ትንፋሹ ተቋረጠ።

ርዕሰ መምህሩ «ምንድን ነው የነደፈው?» ብለው ሲጮኹ፣ ሽቦ «ንብ!» አለ። አንዲት ቃል። ተርብ ባለቤት የለውም፤ ንብ ግን አለው። ከአጥሩ ባሻገር ቀፎ የደረደሩት ሽማግሌ በአንድ ጀምበር ሕፃን ገዳይ ሆኑ። ጎጆውንም የሚያይ አልተገኘም፤ ሽቦ በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ በውሃ ጎማ መትቶ አውርዶታል።

«ዛሬ ከሰዓት የሰፈሩ ሰዎች ቀፎዎቹን ሊያቃጥሉ ነው» አለች ጥንዚዛ።

«ቀፎ እኮ ነው፤ ሰው አይደለም። አታካብጂ።»

«ሽማግሌው ከዚያ ሌላ ምን አላቸው?»

«እኔስ? ከትምህርት ቤት ያባርሩኛል። አባቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ።» ድምፁ ተሰበረ። «ደግሞ ፊቷን ካላየሁ ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ይህኛው ነደፋት።

ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊዋ እናቷ መቀሷን ይዛ ጨርቅ ላይ አጎንብሳለች። ከለቅሶ ቤት መምጣቷ ነው፤ ዓይኗ አብጧል።

«እማ፣ ሕፃኑን የነደፈው ንብ ባይሆንስ?»

መቀሱ ቆመ። «ያየሽው ነገር አለ?»

ጥንዚዛ ስልኳን ከኋላዋ ደበቀች። እናቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ጨርቁ መለሰች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ። ልጁ እንደሆነ አይመለስም።»

ጥንዚዛ ክፍሏ ገብታ ፎቶውን ከፈተችው። መፍትሔ ያገኘች መሰላት፦ እንጨቱንና የሽቦን እጅ ቆርጣ ማውጣት። ቀጭን ወገብ፣ ፀጉር አልባ ገላ፤ ንብ አለመሆኗን ለማሳየት ይበቃል። ጠርዙን ወደ ውስጥ ስትገፋ ግን ጣቷ ቆመ። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ኩባያ የያዘ ሕፃን ቀና ብሎ እንጨቱን ያያል።

ያን ቀን አላየችውም። ተርቧን እያየች ነበር።

ቆረጠችው። ሙሉውን ግን አላጠፋችም።

ቀፎዎቹ ዘንድ ስትደርስ ሰዉ ተሰብስቧል። የሞተ ሕፃን ስም ይዞ ነዳጅ የሚሸከም ሰው ጥያቄ አይወድም፤ ጥያቄ ክብሪቱን ያዘገይበታል። ሽማግሌው ከቀፎዎቹ ፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚከራከሩበት ጉልበት እንኳ አልቀራቸውም።

«ንብ አይደለም!» አለች ጥንዚዛ፤ ስልኳን ዘርግታ። «ተርብ ነው። እዩት።»

ጀሪካን የያዘው ፀጉር አስተካካይ አየና ሳቀ። «ይቺ ደግሞ ምን ትላለች? ከኢንተርኔት አውርደሽ ነው ሰው የምታታልዪው?»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት!»

«ሂጂ እባክሽ! ትንኝሽን ፎቶ አንሺ!»

አንዳንዶች ሳቁ። የሕፃኑ አባት ግን አልሳቀም። ሹፌር ነው፤ የሥራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ወደ እሷ ተጠጋ።

«የት ነው ያነሳሽው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ይሄ የት እንደሆነ አያሳይም።»

ከሰዉ ኋላ ሽቦ ቆሟል። ጭንቅላቱን በቀስታ ነቀነቀ፦ እባክሽ፣ አታሳዪ።

ጥንዚዛ ስልኳን ወደ ራሷ መለሰች። ሙሉውን ፎቶ አወጣች፤ ጣሪያውን፣ እንጨቱን፣ ረጅሙን እጅ፣ ጥጉን። ይህ ሰው ይህን ካየ በኋላ ዕድሜ ልኩን ሲያየው ይኖራል። ካላየው ደግሞ ከአፍታ በኋላ ክብሪቱን የሚጭረው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አለች።

«ለምን?»

«ልጅዎ አለበት። ተርቧ እንድትዞር የፈለግኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ከሽማግሌው ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጥንዚዛም አጠገቡ ተንበርክካ ስልኩን ሰጠችው።